የጽሕፈት መኪና ለለመደ እጅ ባለ ኪቦርድ ስልክ ይበጃል?

ጥያቄ

ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፦ ነዋሪነቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አባቴ የ74 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ ለረጅም ዓመታት በምድር ባቡር ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። በፈረንሳይኛ የጽሕፈት መኪና ላይ ቁልፉን ሳያዩ ይጽፉ እንደነበር የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። ዛሬም ጅቡቲ ከቀሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንሳይኛ መጻጻፍ ይወዳሉ። ይሁን እንጂ እህቴ ከካናዳ የላከችላቸው ተች ስልክ ላይ ጣታቸው ያላሰቡትን ፊደል እየነካ ስላስመረራቸው፣ መጻፉን ትተው የልጅ ልጆቻቸውን በዋትስአፕ ማየት ብቻ ሆኗል ሥራቸው። ሰሞኑን ታይዋን ገበያ ውስጥ አንድ ያገለገለ ኖኪያ ኢ71 አገኘሁ። ተማሪ ሳለሁ አንድ አስተማሪያችን ይዞት እያየሁ ስመኘው የኖርኩት ስልክ ነው፤ ቁልፎቹ ሲጫኗቸው የሚሰጡት ስሜት፣ የብረቱ ቅዝቃዜ፣ መጠኑ፣ ሁሉም ልክ እንዳሰብኩት ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ 3,500 ብር ጠይቆኝ፣ ዋይፋይም ጂፒኤስም ስላለው «ምንም አይጎድለውም» ብሎኛል። ይህን ለአባቴ ገዝቼ ተች ስልኩን ለልጄ ብሰጠው ምን ይመስልዎታል? ጥቅሙንና ጉዳቱን ቢያመዛዝኑልኝ።

መልስ

ሻጩ «ምንም አይጎድለውም» ያለዎት እ.ኤ.አ. በ2008 ቢሆን ኖሮ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይግዙት እልዎ ነበር። ኖኪያ ኢ71ን ይፋ ያደረገው በዚያው ዓመት በጁን ወር ሲሆን፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 127 ግራም የሆነ፣ ገላው ከአይዝጌ ብረት የተሠራ፣ 3.2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ፣ ዋይፋይ፣ ጂፒኤስና 3ጂ ያለው፣ በዚያ ላይ ሙሉ ኪቦርድ የተዘረጋበት ቀፎ ነበር። በዚያ ዘመን ከዚራ አካባቢ ሞባይል እጠግን ስለነበር፣ ደንበኛ ኢ71 ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው የሚሰማው ድምፅ ከፕላስቲክ ቀፎዎች ድምፅ የተለየ እንደነበር እስካሁን አልረሳሁትም። ምኞትዎ ይገባኛል ለማለት ነው።

ከኪቦርዱ ልጀምር፤ ስልኩ ዛሬም የሚመሰገንበት ነገር እሱ ነውና። በተች ስልክ ላይ የተሳሉት ፊደላት ጠርዝ የላቸውም። ጣት የት እንዳረፈ የሚነግረው ዓይን ብቻ ስለሆነ፣ ዓይን በደከመ ወይም እጅ በላበ ቁጥር ስህተቱ ይበዛል፤ የድሬዳዋ የግንቦት ሙቀት ደግሞ የማንንም እጅ ያልባል። በኢ71 ላይ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ መሃሉ ከፍ ያለ ጉብታ ስለሆነ፣ አውራ ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ድንበሩን ይዳስሳል፤ ሲጫኑትም ከሥሩ ያለችው ትንሽ የብረት ክዳን ጠቅ ብላ ተመልሳ ስለምትነሳ፣ ፊደሉ መመታቱን ስክሪኑን ሳያዩ ያውቁታል። ይህ ጠቅታ ለጽሕፈት መኪና ሰው ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ባትሪውም ቢሆን 1,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሆኖ የሚያበራው 2.36 ኢንች የሆነ ትንሽ ስክሪን ስለሆነ፣ አዲስ በነበረበት ጊዜ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይሞላ ያገለግል ነበር።

ጉዳቱን ስናይ፣ መጀመሪያ ማወቅ ያለብዎት ኢ71 ሁለት ግማሽ ያለው ስልክ መሆኑን ነው። አንደኛው ግማሽ ይደውላል፣ አጭር መልእክት ይልካል፣ ሬዲዮ ያሰማል፤ ይህኛው አሁንም በሕይወት አለ። በዘመኑ «ስማርት» ያሰኘው ሁለተኛው ግማሽ ግን ከስልኩ ውጭ በተቀመጡ የሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ እነዚያ ሲዘጉበት አብሮ ሞቷል። ስልኩ የሚሠራበትን ሲምቢያን የተባለውን ሥርዓት ዛሬ የሚያድሰው የለም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2017 ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ ስልክ የሚሰጠውን አገልግሎት አቋርጧል። አንድን ድረ ገጽ ሊከፍቱ ሲሞክሩም፣ ዛሬ ድረ ገጾች ግንኙነታቸውን የሚቆልፉበት የምስጠራ ዘዴ ስልኩ ከተሠራ በኋላ የመጣ በመሆኑ፣ ስልኩ ቁልፉን ስለማያውቀው አብዛኛውን ጊዜ የስህተት መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ዋይፋዩ ይሠራል፤ ነገር ግን ተገናኝቶ የሚደርስበት ቦታ የለውም። ከተማችን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የሙከራ አገልግሎቱን መጀመሪያ የጀመረባት፣ 4ጂ ብርቅ ያልሆነባት ከተማ ብትሆንም፣ ኢ71 ከ3ጂ ስለማያልፍ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ሻጩ «የፊት ካሜራም አለው» ብሎዎት ከሆነ አልዋሸም። ካሜራው የተሠራው ግን በዚያን ጊዜ በኔትወርኩ በራሱ በኩል ይደረግ ለነበረ የቪዲዮ ጥሪ እንጂ፣ እህትዎ ካናዳ ሆና ለምትከፍተው ዋትስአፕ አይደለም። እንግዲህ ተች ስልኩን ለልጅዎ ሰጥተው ኢ71ን ለአባትዎ ቢያስይዟቸው፣ መጻፍን እናስመልስላቸው ብለን የልጅ ልጆቻቸውን ፊት እንነሳቸዋለን ማለት ነው። ይህ ልውውጥ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሁለተኛው ጉዳት የፊደል ነው። ኢ71 በፋብሪካ ሲወጣ የግዕዝ ፊደል አልተጫነበትም። እርስዎ «አባባ፣ ምሳ ደርሷል» ብለው ቢልኩላቸው የሚያዩት የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖችን ነው፤ ከባንክም ሆነ ከቴሌ በአማርኛ የሚመጡ መልእክቶች ዕጣ ፈንታ ያው ነው። የቴሌብር ጉዳይ ቀላል ነው፤ *127# በማንኛውም ቀፎ ላይ ስለሚሠራ ያለ መተግበሪያ ይላካል፣ ይቀበላል። የምናሌውን ቋንቋ ግን ወደ እንግሊዝኛ መቀየርዎን አይርሱ፤ አለበለዚያ ያው ሳጥን ነው የሚጠብቃቸው።

አባትዎ የሚጽፉት በፈረንሳይኛ መሆኑ ይህን ጉዳት በከፊል ያቀለዋል፤ ደብዳቤዎንም በጥሞና እንዳነበው ያደረገኝ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በአጭር መልእክት ላይ ለፈረንሳይኛም አንድ ወጥመድ አለ። አንድ መልእክት 160 ፊደል የሚይዘው በጥንቱ የቴሌፎን ፊደል ዝርዝር ውስጥ ባሉት ፊደላት ብቻ ከተጻፈ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ አክሰንቴግዩ ያላት «ኧ» (é) አለች፤ ቆብ የደፋችዋ (ê) ግን የለችም፤ ጭራ ያላት ትንሿ «ሴ»ም (ç) እንዲሁ። ከእነዚህ አንዷ እንኳ በመልእክቱ ውስጥ ከገባች፣ ስልኩ መልእክቱን በሙሉ ወደ ሌላ አጻጻፍ ስለሚለውጠው የሚይዘው ፊደል ከ160 ወደ 70 ይወርዳል፤ አንድ የነበረው መልእክት ሁለትና ሦስት ሆኖ ይቆጠራል፣ ሂሳቡም እንዲሁ። አማርኛ መልእክት ቶሎ የሚሞላውም በዚሁ ምክንያት ነው። በኢ71 የመልእክት ቅንብር ውስጥ የፊደሉን አጻጻፍ ወደ «የተቀነሰ» የሚለው ምርጫ ቢያዞሩት፣ ስልኩ እነዚያን ምልክቶች አራግፎ ይልካቸዋል። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባቡር ድርጅት በፈረንሳይኛ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ያለ አክሰን መጻፍን የሚታገሡ አይመስለኝም። በሸማንደፈር ጡረተኞች መካከል ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ለአንዲት ጭራ ሲሟገቱ የዋሉ ሰዎች አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቁልፎቹን ስሜት፣ የብረቱን ቅዝቃዜ፣ የአስተማሪዎን እጅ በደንብ ጽፈውልኛል። አባትዎ ስልኩን ይዘውት እንደሆነ፣ አይተውትም ምን እንዳሉ የሚናገር አንድ መስመር ግን አላገኘሁበትም። ስህተት ሠርተዋል ማለቴ አይደለም፤ ሰው ለሚወደው ሰው የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የሚወደውን ነው። ሆኖም አባትዎን ያስቸገራቸው ምን እንደሆነ ሳይለዩ መፍትሔ መግዛት ዋጋ ያስከፍላል። የሚያስቸግራቸው ጣት ነው ወይስ ዓይን? ዓይን ከሆነ፣ የኢ71 ስክሪን እህትዎ ከላከችው ስልክ ስክሪን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በቁልፎቹ ላይ የታተሙት ፊደላትም በመነጽር እንኳ የሚያታግሉ ናቸው። ጣት ከሆነ ደግሞ፣ ከሃያ የሚበልጡ ፊደላት በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ የታጨቁ በመሆናቸው የእያንዳንዱ ቁልፍ ስፋት ከጥፍር ያነሰ ነው። ቁጥሮቹም የራሳቸው ረድፍ ስለሌላቸው በፊደላቱ መካከል ተሰግስገው ነው ያሉት። እኔ በ30 ዓመቴ የተመቸኝ ቁልፍ በ74 ዓመት ይመች እንደሆነ በቦታው ካልተሞከረ አይታወቅም።

ከሁሉ በላይ ግን አባትዎ የተካኑበት ጽሕፈት የአሥር ጣት ጽሕፈት ነው። ቁልፉን ሳያዩ መጻፍ ማለት እያንዳንዱ ጣት የራሱን ረድፍ ያውቃል፣ እጁም ጠረጴዛ ላይ ቦታውን ይዞ ይሠራል ማለት ነው። ኢ71 የሚጠይቀው ሁለት አውራ ጣቶችን ብቻ ነው፤ በጽሕፈት መኪና ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ሥራ ክፍት ቦታ መምታት ብቻ ነበር። በተጨማሪም የፈረንሳይ የጽሕፈት መኪና ላይኛው ረድፍ በ«አ» እና በ«ዜድ» ይጀምራል፤ እንግሊዝኛው ግን በ«ኪው» እና በ«ደብሊው»። ኖኪያ ለፈረንሳይ ገበያ ያወጣቸው ኢ71ዎች በፈረንሳዩ አደራደር የተሠሩ ቢሆኑም፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ያዩት በእንግሊዝኛው አደራደር ከሆነ አባትዎ የማያውቁትን ገበታ በማያውቁት ጣት ይጻፉ እንደማለት ነው። የናፈቃቸው ቁልፍና እርስዎ ያገኙት ቁልፍ በስም እንጂ በግብር አንድ አይደሉም።

ስለዚህ 3,500 ብሩን ከማውጣትዎ በፊት ብዙ የማያስወጣ ሙከራ ያድርጉ። አንድ ተራ የኮምፒውተር ኪቦርድ ከጎረቤትም ቢሆን ይዋሱ፤ ኦቲጂ የምትባለውን ትንሽ መገናኛ ከማንኛውም የሞባይል ዕቃ መሸጫ ይውሰዱና ኪቦርዱን አባትዎ በያዙት ተች ስልክ ላይ ይሰኩት። አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ወዲያው ይቀበሉታል። ከዚያ በስልኩ ቅንብር ውስጥ የኪቦርድን ክፍል ከፍተው፣ ለተሰካው ኪቦርድ አደራደሩን ፈረንሳይኛ አድርጉት። በቁልፎቹ ላይ የታተመው ፊደል የእንግሊዝኛ ሆኖ ይቀራል፤ ነገር ግን አባትዎ ቁልፉን ሳያዩ የሚጽፉ ከሆነ የታተመው ምን ቸገራቸው? «አ» የምትወጣው ጣታቸው በሚያውቃት ቦታ ነው። ስልኩን ከስኳር ዕቃም ይሁን ከመጽሐፍ ጋር አስደግፈው ጠረጴዛ ላይ ያቁሙላቸው፤ ዋትስአፕ ይክፈቱላቸውና ለጅቡቲው ወዳጃቸው እንዲጽፉ ይተዉአቸው። በዋትስአፕ ደግሞ የ70 እና የ160 ሂሳብ ስለሌለ ቆቡንም ጭራውንም እንደልባቸው ያስቀምጣሉ።

ሙከራው ከሠመረ በብሉቱዝ የሚሠራ፣ ገመድ የሌለው ትንሽ ኪቦርድ ይግዙላቸው። ሲገዙ ግን የእጅ ስፋት የሚያህለውን ሳይሆን የቁልፎቹ ርቀት ከመደበኛ ኪቦርድ ብዙም የማያንሰውን ይምረጡ፤ የታመቀው እንደገና ወደ ኢ71 ችግር ይመልሰናል። በረንዳ ላይ ወይም መንገድ ላይ ሆነው ለሚጽፏት አጭር መልእክት ደግሞ፣ በተች ስልኩ ላይ ያለውን የኪቦርድ ቁመት ከቅንብሩ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቀው ነው በትንንሽ ሳጥኖች ላይ የሚሰቃየው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኢ71ን ለራስዎ ቢፈልጉት አልከለክልዎትም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። እንደ ሁለተኛ ስልክ፣ ከሥራ በኋላ ቴሌግራም የማይጮህበት፣ የሚደወልበትና አጭር መልእክት የሚላክበት ቀፎ አድርገው ከያዙት ክብሩን ያገኛል። ግን 3,500 ብር አይክፈሉ፤ ምክንያቶቹን ልንገርዎት።

ባትሪውን አውጥተው በመስታወት ላይ አንጋሉትና በጣትዎ ያሽከርክሩት። ሆዱ ያበጠ ባትሪ እንደ እሽክርክሪት ይዞራል፤ ደህነኛው ወዲያው ይቆማል። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር እንደኛ ባለ አገር ያረጀ ኦሪጅናል ባትሪ ጤነኛ ሆኖ ማግኘት ብርቅ ነው፤ አዲስ ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ኮፒ ነው። ደግነቱ ቢፒ-4ኤል የሚባለው ይህ ባትሪ ለኢ63 እና ለኤን97ም የሚሆን ስለነበር ፈልጎ አይታጣም። ባትሪው በወጣበት ቦታ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የቀፎውን ዓይነት ያንብቡ። «ኢ71-1» የሚል ከሆነ 3ጂው በ900 እና በ2100 ሜጋ ኸርዝ ስለሚሠራ ለአገራችን ይሆናል፤ «ኢ71-2» ከሆነ ለአሜሪካ ሞገድ የተሠራ ነው፣ ይተዉት። በዚያው ወረቀት ላይ ያለው መለያ ቁጥር *#06# ሲደውሉ ስክሪኑ ላይ ከሚወጣው ጋር ካልገጠመ፣ ቀፎው ከሁለት ስልክ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫኑ። የእኛ ከተማ አቧራ በቁልፎቹ ጠርዝ ገብቶ ከነገርኩዎት የብረት ክዳን ሥር ይጋገራል፤ ያን ጊዜ ቁልፉ ጠቅ ማለቱን ትቶ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ወይም አንድ ጊዜ ነክተውት ሁለት ይጽፋል። በጥገና ዘመኔ ብዙ ኢ71 የከፈትኩት ለዚህ ነበር። በአልኮል ማጽዳት ለተወሰነ ጊዜ ያድናል፤ ክዳኗ ራሷ ከደከመች ግን መለዋወጫ ማግኘት ዛሬ ከባድ ነው። እኔም በዚያ ዘመን ለራሴ የገዛሁት ኢ63 «አዲስ ነው» ተብሎ ቀለሙ ብቻ የተለወጠ ሆኖ ተገኝቶ፣ በሦስተኛው ወር የክፍት ቦታው ቁልፍ ሞተብኝ። የሚያናድደው ደግሞ በኢ63 ላይ ያንን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ነበር ባትሪ መብራቱ የሚበራው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የተቀረው አነስተኛ ነገር ነው። ቻርጀሩ የድሮው ቀጭን የኖኪያ ጫፍ ነው፤ በጎኑ ያለችው የዩኤስቢ ቀዳዳ ዳታ ለማስተላለፍ እንጂ ለመሙላት አትሆንም፤ የጆሮ ማዳመጫውም ከተለመደው የቀጠነ 2.5 ሚሊ ሜትር ሶኬት ነው የሚፈልገው። ሲም ካርዱ ትልቁ ዓይነት ስለሆነ ለናኖ ሲምዎ ማቀፊያ ያስፈልግዎታል፤ ያለ ማቀፊያ ከገፉት ውስጥ ያሉት ጥርሶች ይታጠፋሉ።

ሻጩ ኢ71 አይሆንም ሲሉት «እንግዲያው ብላክቤሪ ልስጥህ» ካለዎት ደግሞ፣ ኪቦርዱ እጅግ ግሩም ቢሆንም አይቀበሉት። ኩባንያው የድሮዎቹን ስልኮች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ሲዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ ጥሪና አጭር መልእክት እንኳ በአስተማማኝ ሁኔታ ላይሠሩ እንደሚችሉ ራሱ አስታውቋል። ኢ71 ቢያንስ ለመደወል የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

በሙከራው ጊዜ ግን አንድ ነገር አደራ እልዎታለሁ፤ ኢ71ን ለመፈተሽ ብለው የአባትዎን ሲም አይንቀሉባቸው። ቴሌብራቸውም የባንክ መልእክታቸውም የካናዳው ዋትስአፕም የታሰረው በዚያ ቁጥር ላይ ነውና በራስዎ ሲም ይሞክሩት።